ሆድ ውኃ ሲቋጥር፦ የጉበት ሕመምተኛን የሚያጣድፈው ድምፅ የለሽ ኢንፌክሽን

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አበው። አባባሉ ለሁሉም ሕመም ቢሆንም ለጉበት በሽታ ይበልጥ የተነገረ ይመስላል። እኛ ኢትዮጵያውያን በስደት በምንኖርበት አገር ሁሉ ስለ ስኳር በሽታና ስለ ደም ግፊት በየቡናው ላይ በግልጽ እንነጋገራለን፤ የምንወስደውን መድኃኒት አውጥተን እስከ ማሳየትም እንደርሳለን። ስለ ጉበት ሲነሳ ግን ድምፃችን ዝቅ ይላል። ጉበቱ የታመመ ሰው ሁሉ «መጠጥ አብዝቶ ነው» ተብሎ ይታማል። ሄፓታይተስ የተገኘበት ደግሞ ዘመድና ጓደኛ ይሸሸኛል፣ ትዳሬም ይፈርሳል ብሎ ስለሚፈራ የምርመራ ውጤቱን ኪሱ ከትቶ ዝም ይላል። በዚህ ዝምታ መካከል ዓመታት ያልፋሉ፤ ጉበት ይጎዳል፤ እግር ያብጣል፤ ሆድም ውኃ ይቋጥራል።

ብዙዎቻችን የማናውቀው አንድ ነገር አለ። የጉበት ሲሮሲስ ያለበትን ሰው በድንገት ሆስፒታል የሚያስገባውና ለሞት የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ የጉበቱ መዳከም ብቻውን አይደለም፤ በተዳከመው ሰውነት ውስጥ የሚነሳ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ነው። በሲሮሲስ ምክንያት ሆስፒታል ከሚተኙ ሕመምተኞች መካከል አንድ ሦስተኛ ያህሉ ኢንፌክሽን ይዘው ይገባሉ፣ ወይም እዚያው ተኝተው ሳሉ ይይዛቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመና ወደ 12 ሺህ የሚጠጉ ሕመምተኞችን ያካተቱ 178 ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ እንዳሳየው፣ ኢንፌክሽን የገባበት የሲሮሲስ ሕመምተኛ የመሞት ዕድሉ ካልገባበት ጋር ሲነጻጸር አራት እጥፍ ገደማ ነው። ከመቶ ሰዎች 30ው በአንድ ወር ውስጥ፣ ሌሎች 30 ደግሞ ዓመት ሳይሞላቸው ሕይወታቸው ያልፋል።

ይህን ቁጥር የጻፍነው ለማስፈራራት አይደለም። ችግሩ ቶሎ ከተደረሰበት መድኃኒት ያለው መሆኑን፣ የሚገድለውም በአብዛኛው መዘግየት መሆኑን ለማስገንዘብ ነው። ስለሆነም ይህን ጋዜጣ ምግብዎ እስኪቀርብ ድረስ የሚያነቡ ወገናችን፣ ራስዎ ጤነኛ ቢሆኑም እንኳ እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልን እንለምናለን። ምልክቱን መጀመሪያ የሚያየው ብዙ ጊዜ ሕመምተኛው ሳይሆን አጠገቡ ያለው ሰው ነውና።

ጉበት የሠፈሩ ዘበኛ ነው

ጉበት ከቀኝ ጎድናችን ሥር የሚገኝ፣ በአዋቂ ሰው አንድ ኪሎ ተኩል ያህል የሚመዝን ትልቅ የሰውነት ክፍል ነው። ከምንበላው ምግብ የሚገኘውን ያጣራል፣ ያከማቻል፤ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ንጥረ ነገሮችንና አልቡሚን የሚባለውን ፕሮቲን ይሠራል፤ መርዝን ያመክናል። ከዚህ ሁሉ ሌላ ብዙ የማይነገርለት ሥራ አለው። ይኸውም የዘበኝነት ሥራ ነው።

አንጀታችን ውስጥ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። እዚያው እስካሉ ድረስ አይጎዱንም፤ እንዲያውም ይጠቅሙናል። ጥቂቶቹ ግን አልፎ አልፎ የአንጀትን ግድግዳ ያልፉና ወደ ደም ይገባሉ። ከአንጀት የሚነሳው ደም በቀጥታ ወደ ልብ አይሄድም፤ በመጀመሪያ በአንድ ትልቅ የደም ሥር አማካይነት ወደ ጉበት ይገባል። እዚያም ኩፕፈር የሚባሉ ሴሎች ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ያመለጠውን ባክቴሪያ ይዘው ይውጡታል። ጤነኛ ጉበት ያለው ሰው ይህ ሁሉ በየቀኑ ሲካሄድ ምንም አይሰማውም።

ሲሮሲስ የዚህ ጉበት መቁሰልና መጠንከር ነው። ጉበት በቫይረስ፣ በአልኮል፣ በስብ ክምችት ወይም በሌላ ምክንያት ለዓመታት ሲቆስልና ሲድን፣ ሲቆስልና ሲድን ይቆይና ለስላሳው ሥጋው በጠባሳ ይተካል፤ ይኮማተራል፤ ጉብ ጉብ ይላል። ስሙን ያወጣለት ፈረንሳዊው ሐኪም ሬኔ ላኔክ ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1819 ነው። ቃሉን የወሰደው ወደ ቢጫ የሚያደላ ቡናማ ቀለምን ከሚያመለክት የግሪክ ቃል ነው።

ጉበት ሲጠነክር ደም እንደ ልቡ አያልፍበትም። ስለዚህ ከአንጀት የመጣው ደም በሁለት መንገድ ችግር ይፈጥራል። አንደኛ፣ መንገዱ ሲዘጋበት ግፊቱ ይጨምርና ፈሳሽ ወደ ሆድ ዕቃ ውስጥ ይሰርጋል፤ ሆድ ውኃ ቋጠረ የምንለው ይህንን ነው። ሁለተኛ፣ ደሙ ጉበትን የሚዘልበት አቋራጭ ያበጅና ሳይጣራ ወደ ሰውነት ይገባል። በዚያ ላይ በግፊቱ ምክንያት የአንጀት ግድግዳ ስለሚያብጥና ስለሚሳሳ ከበፊቱ ይበልጥ ባክቴሪያ ያሳልፋል። ጉበት ይሠራቸው የነበሩ በሽታ ተከላካይ ፕሮቲኖችም ይቀንሳሉ፤ ነጭ የደም ሴሎችም ኃይላቸው ይደክማል። ባጭሩ ሌባው በዝቷል፤ ዘበኛው ታሟል፤ የጓሮው በር ተከፍቷል።

የሆድ ውኃ ሲመረዝ

ከሁሉም ይበልጥ ልናውቀው የሚገባው ኢንፌክሽን በሆድ ውስጥ የተጠራቀመው ውኃ በባክቴሪያ መበከል ነው። ሐኪሞች «ስፖንቴኒየስ ባክቴሪያል ፔሪቶናይትስ» ይሉታል። «ስፖንቴኒየስ» ማለታቸው በራሱ የተነሳ ለማለት ነው። አንጀት ሳይበሳ፣ ትርፍ አንጀት ሳይፈነዳ፣ ቢላዋ ሳይነካው ውኃው ይመረዛል። በአብዛኛው የሚገኙትም ኢ.ኮላይና ክሌብሲየላን የመሳሰሉ የአንጀት ባክቴሪያዎች ናቸው። በውኃው ውስጥ ባክቴሪያን የሚዋጋ ፕሮቲን በጣም ጥቂት ስለሆነ እዚያ የደረሰ ባክቴሪያ እንደ ልቡ ይራባል።

ይህ በሽታ ራሱን የቻለ ሆኖ በሕክምናው ዓለም በስፋት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 አሜሪካዊው ሐኪም ሃሮልድ ኮን ስለ በሽታው በዝርዝር ጽፈዋል። በዚያን ጊዜ ከያዘው ሰው አብዛኛው ይሞት ነበር። ዛሬ ግን ቶሎ ታውቆ ከታከመ ከአምስት ሕመምተኞች አራቱ ያህል ከሆስፒታል በሕይወት ይወጣሉ። ለውጡ የመጣው በአንድ ተአምረኛ መድኃኒት አይደለም። ቀድሞ በመጠርጠር፣ ቶሎ በመመርመርና ትክክለኛውን ፀረ-ባክቴሪያ በመጀመር ነው።

ምርመራው ቀላል ነው። ሐኪሙ ቆዳውን በማደንዘዣ ካደነዘዘ በኋላ በቀጭን መርፌ ጥቂት ውኃ ከሆድ ይቀዳል። በዚያ ውኃ ውስጥ ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች በአንድ ኪዩብ ሚሊሜትር 250 ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑ ኢንፌክሽን አለ ተብሎ ሕክምናው ወዲያውኑ ይጀመራል። ውኃው በባክቴሪያ ማሳደጊያ ጠርሙስም ይገባል፤ ነገር ግን ባክቴሪያው በብዙ ሕመምተኞች ላይ ጨርሶ አይበቅልም። ስለዚህ «ውጤቱ እስኪመጣ እንጠብቅ» አይባልም።

እዚህ ላይ በመካከላችን የሚናፈሰውን አንድ ወሬ ማንሳት ግድ ነው። «ውኃው አንዴ ከተቀዳ ሰውየው አይተርፍም» ይባላል። በዚህ ምክንያት መርፌውን እምቢ ብለው የሚወጡ አሉ። ወሬው ከየት እንደሚመነጭ መገመት አያስቸግርም። ድሮ ውኃው የሚቀዳው ሕመምተኛው ከደከመ በኋላ ነበርና ሞቱ በመርፌው ተሳበበ። እውነቱ ግን በተቃራኒው ነው። በዚህ መርፌ ምክንያት ከበድ ያለ የደም መፍሰስ የሚደርስበት ሰው ከመቶ አንድ ቢሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ደግሞ፣ ይህ ኢንፌክሽን ከነበረባቸው ሰዎች መካከል ሆስፒታል ከገቡ ከ12 ሰዓት በኋላ ውኃው የተቀዳላቸው፣ በ12 ሰዓት ውስጥ ከተቀዳላቸው ይልቅ የመሞት ዕድላቸው ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ እንደነበረ አሳይቷል። ሆዱ ውኃ የቋጠረ ሰው በማናቸውም ምክንያት ሆስፒታል ሲተኛ ውኃው መመርመር አለበት የሚባለውም ስለዚህ ነው።

«ትኩሳት የለውም፣ ደህና ነው»

ኢንፌክሽን ሲባል ሁላችንም የምናስበው ትኩሳትን ነው። የሲሮሲስ ሕመምተኛ ግን ያሳስተናል። ሰውነቱ ስለ ደከመ ትኩሳት ላያሳይ ይችላል፤ እንዲያውም ሊቀዘቅዝ ይችላል። ሆዱን ጨርሶ ላያመው ይችላል። ብቸኛው ምልክት የጠባይ መለወጥ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ታሪኩ በየምንኖርበት ከተማ ይደጋገማል። ታክሲ የሚነዳ ወንድም አለ እንበል። ሆዱ ቀስ በቀስ ይገፋል። ጓደኞቹ «ወፈርክሳ፣ አሜሪካ ተስማማህ» ይሉታል። ፊቱና ክንዱ ግን እየከሳ ነው። ዓይኑ ቢጫ ይላል፤ አገር ቤት «የወፍ በሽታ» የምንለው ነው። አንድ ቀን ዐሥር ዓመት የነዳበት መንገድ ይጠፋበታል። ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ይነቃል። ነገር ይደጋግማል፣ ይቆጣል፣ እጁ ሲዘረጋ እንደ ወፍ ክንፍ ይርገበገባል። ባለቤቱ «ጭንቀት ነው፣ ሥራ በዝቶበት ነው» ትላለች። እናቱ ከአገር ቤት በስልክ «ዓይነ ጥላ ነው፣ ጠበል ውሰዱት» ይላሉ። ሦስት ቀን ያልፋል። ሆስፒታል ሲደርስ ኩላሊቱ መሥራት እያቆመ ነው።

ይህ ሰው አላበደም። ጉበቱ ሊያጣራው ያልቻለው መርዝ አእምሮውን አደንዝዞት ነው። ለዚህም ብዙ ጊዜ መነሻው የተደበቀ ኢንፌክሽን ነው። ጠበሉን የሚቃወም የለም፤ እምነት ለሕመምተኛ ብርታት ነው። ነገር ግን ሐኪሙ ይቅደም፤ ጸሎቱም አልጋው አጠገብ ይሁን። እዚህ በሽታ ላይ ሦስት ቀን ማለት የሰው ሕይወት ነው።

እንግዲህ ሲሮሲስ ባለበት ሰው ላይ ከሚከተሉት አንዱ እንኳ ቢታይ በዚያው ዕለት ሆስፒታል ይውሰዱት፦

ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ያለ ምክንያት መቀዝቀዝ።
የሆድ ሕመም፣ ወይም ሆዱ በጥቂት ቀን ውስጥ በፍጥነት ማበጥ።
መዘባረቅ፣ መፍዘዝ፣ ቀንና ሌሊት መለዋወጥ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ።
የሽንት መቀነስ ወይም ማቃጠል።
ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር።
የእግር ቆዳ መቅላት፣ መጋልና ማመም።
ደም ማስታወክ፣ ወይም ሰገራ እንደ ቅጥራን መጥቆር።

ደም የሚያስታውክና የተዘባረቀ ሰው በራስዎ መኪና ከማመላለስ አምቡላንስ ይጥሩ። ቁጥሩ በአሜሪካ 911፣ በእንግሊዝ 999፣ በአብዛኛው አውሮፓ 112፣ በሳዑዲ ዓረቢያ 997፣ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች 998 ነው።

ሌሎቹ በሮች

ኢንፌክሽኑ የሚነሳው ከሆድ ውኃ ብቻ አይደለም። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የቆዳ ኢንፌክሽንና በቀጥታ ደም ውስጥ የሚገባ ባክቴሪያ በሲሮሲስ ሕመምተኞች ላይ ይበዛሉ። ያበጠ እግር ላይ የምትገኝ ትንሽ ጭረት ወደ ከባድ የቆዳ ኢንፌክሽን ልትለወጥ ትችላለች። ከጉሮሮ ሥር ያበጡ የደም ሥሮች ፈንድተው ደም የሚያስታውክ ሰውም ለኢንፌክሽን በጣም የተጋለጠ ስለሆነ፣ ደሙ እየቆመለት ሳለ ፀረ-ባክቴሪያ በመርፌ እንዲሰጠው የሕክምና መመሪያዎች ያዛሉ።

ሕክምናው

የሆድ ውኃ ኢንፌክሽን የሚታከመው በደም ሥር በሚሰጥ ፀረ-ባክቴሪያ ነው፤ ሴፎታክሲም ወይም ሴፍትሪያክሶን በብዛት ይሰጣሉ። ከዚህ ጋር አንድ ትልቅ እርምጃ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። የስፔን ሐኪሞች 126 ሕመምተኞችን በሁለት ከፍለው ለአንደኛው ወገን ፀረ-ባክቴሪያ ብቻ፣ ለሌላው ፀረ-ባክቴሪያና አልቡሚን ሰጡ። ፀረ-ባክቴሪያ ብቻ ከወሰዱት ከመቶ 33 ያህሉ ኩላሊታቸው ሲጎዳ አልቡሚን ከተጨመረላቸው ግን 10 ብቻ ሆኑ። ሆስፒታል ሳሉ የሞቱትም ከመቶ 29 ወደ 10 ወረዱ። ኢንፌክሽኑ በአብዛኛው የሚገድለው ኩላሊትን በማቆም ስለሆነ ይህ ግኝት የብዙ ሰው ሕይወት አትርፏል።

አንዴ የያዘው ሰው እንደገና የመያዝ ዕድሉ ሰፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ ሌላ የስፔን ጥናት፣ መከላከያ ካልወሰዱት ከመቶ 68ቱ በዓመት ውስጥ እንደገና ሲያዙ ኖርፍሎክሳሲን በየቀኑ ከወሰዱት ግን 20 ያህሉ ብቻ እንደ ተያዙ አሳይቷል። ኖርፍሎክሳሲን እ.ኤ.አ. በ2014 ከአሜሪካ ገበያ ስለ ወጣ እዚያ በምትኩ ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ኮትሪሞክሳዞል ይታዘዛል። ከሆስፒታል ሲወጡ ሐኪሙን «መከላከያ መድኃኒት ያስፈልገኛል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። እንዲሁም «ለጉበት ንቅለ ተከላ እታያለሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ይህ ኢንፌክሽን ጉበቱ ክፉኛ መድከሙን የሚናገር ደወል ነውና።

መድኃኒት ሳጥናችንን እንፈትሽ

ከመካከላችን ጨጓራ የማያመው ጥቂት ነው። ኦሜፕራዞልን የመሰሉ የጨጓራ መድኃኒቶችን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለዓመታት የሚውጡ ብዙ ወገኖች አሉ። የጨጓራ አሲድ ግን ከምግብ ጋር የሚገባን ባክቴሪያ ከሚገድሉት መከላከያዎች አንዱ ነው። አሲዱን የሚያጠፉት እነዚህ መድኃኒቶች በሲሮሲስ ሕመምተኞች ላይ ከኢንፌክሽን መብዛት ጋር ተያይዘው ተገኝተዋል። በቂ ምክንያት ኖሮት ሐኪም ያዘዘለት ይውሰድ፤ በልማድ የሚወስድ ግን ሐኪሙን ያማክር።

ለራስ ምታትና ለወገብ ሕመም የሚወሰዱት አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ የሲሮሲስ ሕመምተኛን ኩላሊት ስለሚጎዱና ደም መፍሰስን ስለሚያባብሱ መወሰድ የለባቸውም። ፓራሲታሞል በቀን ከ2 ግራም ሳይበልጥ፣ ሐኪም እያወቀው ይሻላል።

ከአገር ቤት በሻንጣ የሚመጣው አሞክሲሲሊንም ሌላ ጣጣ ነው። ሁለት ቀን ወስዶ ማቆም፣ ከጎረቤት ተበድሮ መዋጥ፣ ባክቴሪያው መድኃኒቱን እንዲለምድ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመና በተለያዩ አህጉሮች 1302 ኢንፌክሽን ያለባቸውን የሲሮሲስ ሕመምተኞች ያየ ጥናት፣ ከመቶ 34ቱ ላይ ብዙ መድኃኒቶችን የተላመደ ባክቴሪያ አግኝቷል። ለራሱ ብሎ አሞክሲሲሊን የሚያስቀምጥ ሰው ሳያውቀው የወንድሙን የመጨረሻ መድኃኒት እያባከነ ነው። «ጉበት ያጥባል» ተብለው የሚሸጡ ቅጠላ ቅጠሎችም ምንነታቸው ካልታወቀ ያለ ሐኪም ፈቃድ አይወሰዱ፤ ጉበትን የሚመርዙ ዕፅዋት አሉና።

ክትፎው፣ አይቡና ጾሙ

ይህን ጋዜጣ የሚያገኙት ምግብ ቤት ውስጥ ነውና ስለ ማዕዳችን ሳንናገር ብናልፍ ነውር ነው። ጥሬ ሥጋ፣ ክትፎና ጎረድ ጎረድ ለጤነኛ ሰው የባህል ደስታ ናቸው። ሲሮሲስ ላለበት ሰው ግን በጥሬ ሥጋ ላይ የሚገኝ ባክቴሪያ እስከ ደም ሊዘልቅ ይችላል። ክትፎው በደንብ ይብሰልለት። አይቡም ካልተፈላ ወይም ካልታከመ ወተት የተሠራ ከሆነ ይቅርበት። ጥሬ የባሕር ምግብ፣ በተለይ ኦይስተር የሚባለው ቀንድ አውጣ መሰል፣ ጨርሶ አይቀመስም። ቪብሪዮ ቩልኒፊከስ የሚባል ባክቴሪያ ስለሚያስተላልፍ ደም ውስጥ ከገባ የጉበት ሕመምተኞችን ግማሽ ያህል ይገድላል። ቁስል ያለበት የጉበት ሕመምተኛም የባሕር ውኃ ውስጥ አይግባ።

ጨው ሌላው ጉዳይ ነው። ሆዱ ውኃ የቋጠረ ሰው በቀን የሚፈቀድለት ጨው ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይበልጥም። በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጁ ጨው ገብቶባቸው ከሆነ ሳናውቀው ይህን መጠን እናልፋለን። ለሕመምተኛው ለብቻ ያለ ጨው የተፈጨ በርበሬ ማስቀመጥ ትልቅ ውለታ ነው።

«ጉበቱ ስለ ታመመ ሥጋና እንቁላል አይብላ» የሚለው የድሮ ምክር ግን ቀርቷል። ሲሮሲስ ጡንቻን ይበላል፤ ጡንቻው ያለቀ ሰው ደግሞ ኢንፌክሽንን መቋቋም ያቅተዋል። የበሰለ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ምስርና ሽሮ በደንብ ይብላ፤ ከመተኛቱ በፊትም መክሰስ ይቅመስ። ለረጅም ሰዓት መጾም ይጎዳዋል። ቤተ ክርስቲያንም ሆነ እስልምና ሕመምተኛን ከጾም ነጻ ስለሚያደርጉ ከንስሐ አባቱ ወይም ከሼኹ ጋር ተነጋግሮ ያለ ጸጸት ይብላ። አልኮል ደግሞ፣ ጠጅም ይሁን አረቄ፣ ቢራም ይሁን ውስኪ፣ ፈጽሞ ይቁም። ጫትም ቢሆን የዋዛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ በሐረር ከተማ የተካሄደ ጥናት ጫት መቃምን ከሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ጋር አያይዞታል።

ከሥሩ እንጀምር

ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ዋናው ነገር እዚህ ደረጃ ሳይደረስ መከላከል ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ በኢትዮጵያ የተካሄዱ ጥናቶች ጥቅል ግምገማ ከመቶ ሰው 7 ያህሉ ሄፓታይተስ ቢ፣ 3 ያህሉ ሄፓታይተስ ሲ እንዳለበት ገምቷል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በአገራችን ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት በኢትዮጵያ ተወልዶ ያደገ ሁሉ፣ ጠጣም አልጠጣም፣ አንድ ጊዜ መመርመር ይገባዋል። በአሜሪካም የበሽታ መቆጣጠሪያው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 ማንኛውም አዋቂ ሰው ቢያንስ አንድ ጊዜ ለሄፓታይተስ ቢ እንዲመረመር መክሯል።

ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ ለመሄድ ሲሉ የሚመረመሩ እኅቶቻችንና ወንድሞቻችን ሄፓታይተስ ከተገኘባቸው «ብቁ አይደለሽም፣ ብቁ አይደለህም» ተብለው ይመለሳሉ። ብዙዎች ስለ በሽታው የሚሰሙት ያን ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ምን ማድረግ እንዳለባቸው የሚነግራቸው ግን የለም። ወረቀቱ የሥራ መከልከያ ብቻ ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ያለ ወረቀት ያላችሁ ወገኖች፣ ወረቀቱ ወደ ሐኪም መሄጃ ይሁናችሁ። ለሄፓታይተስ ቢ ቴኖፎቪርና ኢንቴካቪር የሚባሉ ክኒኖች ቫይረሱን ያፍኑታል፤ ጉበት ወደ ሲሮሲስ እንዳይሄድም ይከላከላሉ። ሄፓታይተስ ሲ ደግሞ ዛሬ በ8 ወይም በ12 ሳምንት ክኒን ከመቶ ከ95 በላይ በሆኑት ላይ ጨርሶ ይድናል። በአሜሪካ ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው በዚያ ምክንያት የመኖሪያ ፈቃድ አይከለከልም። ሄፓታይተስ ቢ በአንድ ትሪ አብሮ በመብላትም አይተላለፍም፤ ስለዚህ ማዕድ የሚለይበት ምክንያት የለም። ሲሮሲስ ያለበት ደግሞ የጉንፋን፣ የሳንባ ምች፣ የኮቪድ፣ የሄፓታይተስ ኤ፣ ካልያዘውም የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ይውሰድ።

ቋንቋ አያስቀርዎ

ብዙ ወላጆቻችን ሆስፒታል ሄደው ሕመማቸውን የሚያስረዱት በልጆቻቸው አማካይነት ነው። የ12 ዓመት ልጅ «አባትህ ሊሞት ይችላል» የሚለውን እንዴት ብሎ ይተርጉም? አባትስ ስለ መጠጡ በልጁ ፊት እንዴት እውነቱን ይናገር? በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ስድስተኛ ክፍል የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ቋንቋ ለማይችል ሕመምተኛ እርዳታ እንዲያቀርብ መሠረት ሆኗል። አስተርጓሚ ሲቀርብም ክፍያ አይጠየቅበትም። በዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቋንቋ ሕግም አማርኛን ከሚያገለግላቸው ቋንቋዎች አንዱ አድርጎታል። እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣው ሕግ መሠረት የአሜሪካ ሆስፒታሎች ድንገተኛ ክፍል የመጣን ሕመምተኛ ኢንሹራንስ የለውም ብለው ሳይመረምሩና ሳያረጋጉ ሊመልሱት አይችሉም። «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት ልመና አይደለም።

ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ መጀመሪያ የሚነገረው «ሲሮሲስ አለበት» የሚለው ይሁን። ቀጥሎ «የሆድ ውኃው ለኢንፌክሽን ይመርመርልን» ይበሉ። የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ በፌስታል ይዘው ይሂዱ። ጠባዩ ከመቼ ጀምሮ እንደ ተለወጠ ቀኑን ይንገሩ። ሐኪሙ ሰውየውን ከዚያ በፊት አያውቀውም፤ ትላንት ሲስቅና ሲጫወት እንደነበር የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

በየከተማው ያሉት እድሮቻችን አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ በአንድ ሳምንት ውስጥ ብዙ ሺህ ዶላር ሲያሰባስቡ አይተናል። ይህ የሚያኮራ ባህላችን ነው። ያው እድር በዓመት አንድ ቀን አባላቱን ሰብስቦ የሄፓታይተስ ምርመራ ቢያስደርግ፣ ሕመምተኛ ያለበትን ቤት ተራ ገብቶ ቢጠይቅ፣ መኪና የሌለውን ሐኪም ቤት ቢያደርስ፣ የሚወጣው ገንዘብ ለአንድ አስከሬን መላኪያ ከሚወጣው ባያንስ እንኳ ሰው በሕይወት ይተርፍበታል። በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ላይ ይህን ሐሳብ የሚያነሳ አንድ ሰው ከየማኅበሩ አይጠፋም ብለን እናምናለን። ከጎናችን ሆዱ የገፋ፣ ዓይኑ ቢጫ ያለ፣ ነገር የሚረሳ ወገን ካለም ነገ ሳንል ዛሬውኑ «ሐኪም አይቶሃል ወይ?» እንበለው።

ይህ ጽሑፍ የሐኪምን ምክር የሚተካ አይደለም፤ ወደ ሐኪም የሚያደርስ እንዲሆን ግን ተስፋ እናደርጋለን።